የዱብሮቭኒክን ጣሪያዎች ያየሁበት ጠዋት

ከጣሊያን ባሪ ወደብ ማታ የተነሳው መርከብ ማለዳ ላይ የክሮኤሺያዋ ከተማ የዱብሮቭኒክ ወደብ ወደሆነው ግሩዥ አደረሰን። ወደ ዱብሮቭኒክ የመጣሁት አሮጌውን ከተማ በከበበው 1,940 ሜትር ግንብ ላይ ለመዞር ነበር። ቸኩዬ ሻንጣዬን ማረፊያዬ ጥዬ በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ያ ስሕተት ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ግንቡ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቀድም። ከግዙፎቹ የሽርሽር መርከቦች የወረደው ሕዝብ ጠባቡን መንገድ ሞልቶት ስለነበር ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ምሽግ በኩል ተስፋ ቆርጬ ወረድኩ። ትኬቱ ለአንድ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ለነገው ሌላ መግዛት ነበረብኝ፤ ዋጋውም ኪስ ይጎዳል።

ማታ ያሳደሩኝ አሮጊት በጣሊያንኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ነገ በሩ ሲከፈት እዚያ ተገኝ። ስትዞር ደግሞ ባሕሩን ብቻ አትመልከት፤ ጣሪያችንን ተመልከት።»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በፒሌ በር በኩል ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርኩ። የውኃ ጠርሙሴን የሞላሁት ከኦኖፍርዮ ምንጭ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1438 የተሠራ ሲሆን ውኃው ያኔ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣለት ነበር፤ ዛሬም ይጠጣል። ቀስ ብዬ ሄድኩ። የግንቡ ከፍተኛ ቦታ ሚንቼታ ማማ ላይ ስደርስ ከተማዋ ሁሉ ከእግሬ በታች ተዘረጋች፤ የአሮጊቷ ነገርም ያን ጊዜ ገባኝ።

ጣሪያው ሁሉ የሸክላ ክዳን ነው፤ ቀለሙ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ፀሐይና የባሕር ጨው ያደበዘዘው፣ ወደ ገለባ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ይህ የጥንቱ ነው። አብዛኛው ግን ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ደማቁ የዩጎዝላቪያ ጦር ከተማዋን ከከበበበት ከ1991ዱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በኋላ የተተካ ነው። ከተማዋ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ብትሆንም ከመድፍ አላመለጠችም። ከሁሉም የከፋው ድብደባ የወረደባት በዲሴምበር 6 ቀን 1991 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በግንቡ ውስጥ ካሉት 824 ሕንፃዎች ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት ተመትተዋል። ቁጥሩን አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ቤት በቤት፣ በቀለም ተጽፎ ሳየው ግን ጉልበቴ ከዳኝና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከዚያ አልተነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ከፕሎቼ በር ውጭ ያሉትን ላዛሬቲ የተባሉ የጥንት የወረርሽኝ ለይቶ ማቆያ ሕንፃዎች አየሁ። ይህች ከተማ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው አንድ ወር ተለይቶ እንዲቆይ በ1377 ሕግ ያወጣች ናት። ለዚያ ቦታ ጊዜ ሳላስተርፍለት በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እንደገና ብሄድ ሦስት ሌሊት አድራለሁ።

ማታ ለአሮጊቷ የቤታቸውን ጣሪያ ከማማው ላይ ፈልጌ እንዳገኘሁት ነገርኳቸው፤ በመንገዱ በኩል ደብዛዛ፣ በጓሮ በኩል ደማቅ ነበር።

«ያልተሰበረውን ለቃቅመን በመንገዱ በኩል አለበስነው» አሉኝ፤ «ባለቤቴ ከቤት ሲወጣ የድሮውን ማየት ይወድ ነበር።»