ላይብረሪው ውስጥ እንቆቅልሽ

የከተማ ልጅ ኪውአር ኮድ ብርቁ አይደለም። ወላጆቹ ሱቅ ውስጥ በቴሌብር ሲከፍሉ ያያል። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ መደርደሪያዎች ላይ ኮድ ስለጥፍ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ያለኝ ተማሪ የለም። የጠየቁኝ “ሲነበብ ምን ይወጣል?” ብለው ነው።

እኛ ጋ ተማሪ ስልክ ይዞ አይገባም። ለተማሪ የሚሆን ዋይፋይም የለም። ያለኝ አንድ ታብሌት ነው። መምህራኑ “ታዲያ ያለ ኢንተርኔት ኮዱ ምን ሊሠራ?” አሉኝ። ኮዱ ግን የግድ ሊንክ መያዝ የለበትም፤ ጽሑፉን ራሱን ውስጡ መክተት ይቻላል። ያኔ ያለ ዳታ ይነበባል። ለነገሩ የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ኩባንያ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሠራው የመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ እንዲሆን ነበር።

ምን ልክተትበት? የመጽሐፍ ማጠቃለያ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እንቆቅልሽ አደረግኩት። ለምሳሌ፦ “963 ሰፈር ፈልጉኝ። ከአንድ ዐለት ተፈልፍያለሁ። ጣሪያዬ ከመሬት እኩል ነው። ማን ነኝ?” መጻሕፍት በዘርፋቸው ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘ ልጅ፣ ሽፋኑ ውስጥ የሚቀጥለው ኮድ ይጠብቀዋል። ያቃታት ስትመጣ “አገር ስጪኝ” እላታለሁ። “ቲቸር፣ ጎንደርን ይውሰዱ” ብላ ፍንጭ ታገኛለች። እስካሁን ያልገዛሁት አገር ጥቂት ነው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ጽሑፉን አሳጥሩ። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮዱ ውስጥ የሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ይይዛል። ጽሑፉ ሲረዝም ነጥቦቹ ይደቃሉ፤ የአሮጌ ታብሌት ካሜራ ደግሞ ደቃቁን አያነብም። ኮዱ ቢጫጫር እንኳ እንዲነበብ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ ከፍተኛው ደረጃ 30 በመቶ ያህል ጉዳት ይችላል። ግን እሱም ነጥብ ይጨምራል። እኔ 15 በመቶው ይበቃኛል፣ ለዚያ ህትመቱን ተለቅ አደርጋለሁ። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ቦታ በመቀስ አትንኩት። ኮዱን የሸፈናችሁበት የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ መስኮት ፊት ለፊት ከዋለ ነጸብራቁ አያስነብብም። ደግሞ “ዳይናሚክ” የሚባለውን ራቁ፤ በድረ ገጽ በኩል ስለሚዞር ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የነጻ ሙከራው ሲያልቅም የለጠፋችሁት ሁሉ ሊሞት ይችላል።

ታብሌቱ አንድ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠቀመን። አንዱ ስካን ያደርጋል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፣ የቀሩት ወደ መደርደሪያው ይሮጣሉ። ላይብረሪ ዝም የሚባልበት ቦታ ነው ለሚል ሰው አይመከርም።

ከሁሉ የሠራው ግን እንቆቅልሹን ራሳቸው እንዲጽፉ መተዌ ነው። መጽሐፉን ሳያነቡ ስለ መጽሐፉ እንቆቅልሽ መጻፍ አይቻልማ! አንዳንዶቹ ጨካኝ ናቸው፤ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የጻፈችው እኔንም አገር አስሰጥቶኛል።

ማንበብ ገና ለሚለማመዱት ትንንሾች ድምፅ ብከትበት ደስ ይለኝ ነበር። ኮድ የሚይዘው ግን ቢበዛ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ድምፅ አይበቃውም። ለእነሱ ትልልቆቹ ተማሪዎች ቆመው ያነቡላቸዋል።