ሳያምኑ መቀጠል ይቻላል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ ዝሎ ነው የዋለው። የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም። ማንም አላስከፋኝም፣ ሥራም አልበዛብኝም። ብቻ ጠዋት ስነሳ ያ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ አየሁት (እየጻፍኩት ያለው መጽሐፍ ረቂቅ)፣ አየሁትና አልፌው ሄድኩ። ማታም አልፌው ሄድኩ። አራተኛው ምዕራፍ እዚያው የቆመበት ቆሟል። አንድ አንቀጽ አለ፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ "እንደገና" ብዬ የጻፍኩበት። ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀን፣ በደመቀ እርሳስ፣ አሁንም "እንደገና"። ወረቀቱ እዚያ ጋ ከላጲሱ ብዛት ሳስቷል።

ይህንኑ ለእህቴ ስጽፍላት "በራስሽ እመኚ እንጂ! አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ" ብላ መለሰችልኝ። ከልቧ ነው፤ እሷ የማታምንበትን አትናገርም። ግን ሳነበው ይባስ ከበደኝ። ዛሬ የጎደለኝ እሱው ነዋ! በራሴ አምኜ ብውልማ መች እጽፍላት ነበር?

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞኝ ሊለቀኝ አልቻለም። ነገሩን ሁላችንም የምናወራው በአንድ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በራስህ ታምናለህ፣ ከዚያ ትጸናለህ፣ ከዚያ ይሳካልሃል። እውነት እንዲህ ተሰልፎ ነው የሚመጣው?

አንድሩ ዋይልስ ትዝ አለኝ፣ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ። 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ፣ ሦስቱም ካሬ ቁጥሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሞልተዋል። በካሬ ፋንታ ቁጥሩን በራሱ ሦስቴ፣ አራቴ ወይም ከዚያ በላይ ብናባዛው ግን እንዲህ የሚገጥሙ ሙሉ ቁጥሮች ፈጽሞ አይገኙም። ይህን ፒየር ደ ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ በ1637 ገደማ በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጽፎት ሄደ። ከ350 ዓመት በላይ ማንም ሊያረጋግጠው አልቻለም። ዋይልስ ጥያቄውን ያገኘው በ10 ዓመቱ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ካደገ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1986፣ ተመልሶ ያዘው። ሰባት ዓመት ያህል ከቅርብ ሰው በቀር ለማንም ሳይናገር ሠራበት። በ1993 ካምብሪጅ ላይ "ይኸው" አለ። ዓለም አጨበጨበለት። ብዙ ሳይቆይ ግን ማረጋገጫው ውስጥ ክፍተት ተገኘ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነዚያ ሰባት ዓመታት ነው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ የለፋው ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ ነበር። አሁን ግን ሁሉም እያየው ነው። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። ሪቻርድ ቴይለር የተባለው የቀድሞ ተማሪው አብሮት እየሠራም አልሆነለትም። በ1994 መስከረም ሊተወው ተቃርቦ ነበር። ከመተዉ በፊት ግን ቢያንስ ያ መንገድ ለምን እንደማይሠራ በቅጡ ልረዳው ብሎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እዚያው ተቀምጦ እያየው ሳለ፣ መንገዱን የዘጋበት ነገር ራሱ ከዓመታት በፊት ትቶት የነበረውን ሌላ መንገድ እንደሚከፍትለት ታየው። ማረጋገጫው በ1995 ታተመ።

ያ ሰው በዚያ ጠዋት በራሱ ያምን ነበር? እኔ አይመስለኝም። እንደሚሳካለት አምኖ አልነበረም የተቀመጠው። የወደቀበትን ምክንያት ሊያይ ነው የተቀመጠው። እምነቱ ተሟጦ ካለቀ በኋላ እንኳ የቀረ ነገር ነበረ፣ እሱም ነገሩን የማወቅ ፍላጎት ነው። እኔ ይህ ከየትኛውም "አይዞህ" በላይ ያበረታኛል፣ ምክንያቱም ልቤ በዛለበት ቀን እንኳ የሚቀረኝ እሱ ነው።

አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው "እችለዋለሁ" የሚለውን ስሜት ከየት እንደሚያመጣው ዘርዝሯል። የሌሎች ማበረታቻ አንዱ ምንጭ ነው። እንደኛ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየትም አለበት፣ የሰውነታችን ሁኔታም እንዲሁ፣ ድካሙ፣ የልብ ምቱ። ከሁሉም የሚበረታው ግን በገዛ እጃችን ሠርተን ያየነው ነው። ትንሽም ቢሆን። እህቴ ይህን ስታነብ እንዳይከፋት፣ ቃሏ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቃሏ እስከ ወንበሩ ያደርሰኛል። ወንበሩ ላይ የሚያቆየኝ ግን ትናንት ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ታግዬ ያስተካከልኩት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። እጅ ይቀድማል፣ እምነት እየዘገየ ከኋላ ይከተላል። በራሴ እስካምን ድረስ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን አንደኛውንም ምዕራፍ አልጀምረውም።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ቀና ይመስላል። ግን ካታሊን ካሪኮን ሳስብ ይወሳሰብብኛል።

ካሪኮ ሀንጋሪ ተወልዳ በ1985 ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር አሜሪካ የገባች ሳይንቲስት ናት። ኤምአርኤንኤ የሚባለውን የሕዋስ መልእክተኛ ለሕክምና ማዋል ይቻላል ብላ ያዘች። ለምርምሯ ገንዘብ የሚሰጣት አጣች። በ1995 የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። እሷ ቀጠለች። ኤምአርኤንኤው ወደ ሰውነት ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ጠላት እያዩት ይቆጡ ነበር። ድሩ ዋይስማን ከተባለ የምርምር ባልደረባዋ ጋር ሲመረምሩት ሌላ ዓይነት አርኤንኤ ግን ሕዋሳቱን እንደማያስቆጣ አዩ። ለምን? ልዩነቱን ተከትለው ሄዱ። ኤምአርኤንኤ ከተሠራባቸው ኬሚካላዊ "ፊደላት" አንዷን በትንሹ በተለወጠች ፊደል ሲተኩ ቁጣው በረደ። ይህ በ2005 ታተመ፣ ያኔ ብዙም ሰው ልብ አላለውም። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባቶች የተሠሩት በዚህ ላይ ነው። በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን ሌላ ሰውም ይታየኛል። በእነዚያው ዓመታት፣ በሌላ ቤተ ሙከራ፣ እንደ እሷው ገንዘብ ተከልክሎ፣ እንደ እሷው ሌሊቱን እየሠራ፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ያልነበረ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ አይቀርም። ስሙን ማንም አያውቀውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፣ ግን ያልተፈለፈለውም እንቁላል እኩል ታቅፎ ነበር። የዚያ ሰው ጽናት ከካሪኮ ያንሳል? እኔ በፍጹም አያንስም ባይ ነኝ። ስለ ጽናት ሲወራ እሱ ሁሌም መዘለሉ ያንገበግበኛል።

ምናልባት የሚለየው ነገር ውድቀቱ የሚናገር መሆን አለመሆኑ ነው። ካሪኮ የወደቀችበት ሙከራ የሆነ ነገር ነገራት፣ ዋይልስንም እንዲሁ። ውድቀቱ አዲስ ነገር እየነገረህ ከሆነ ቀጥል፣ ሁሌ ያንኑ የሚደግምልህ ከሆነ ግን መንገዱን ቀይር፣ ይህን ለወዳጅ ብመክር አላፍርም። ግን ዋይልስም እኮ ያን ዓመት ሙሉ ያው ግድግዳ ነበር ፊቱ የቆመው። ከሁለት ወር በፊት ትቶት ቢሆን ኖሮ ማን ይወቅሰው ነበር? "ብልህ ነው፣ ሲበቃ አወቀ" ይባልለት ነበር። ገና መሃሉ ላይ ያለ ሰው፣ መጨረሻውን ሳያይ፣ ዝም ያለውን ውድቀት ሊናገር ካለው በምን ይለየዋል?