በቃ

ዛሬ እሑድ ነው፤ መሽቷል። ባለቤቴ ሳሎን ኳስ ያያል፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የቆየ ነገር አለ። ቅደም ተከተል አይኖረውም፤ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ከሽርጡ ልጀምር። ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርቴ ጀርባ የተሰቀለ አንድ ነጭ ሽርጥ አለኝ። ወጥ ስሠራ አላስረውም። የሚወጣው በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ፣ እኔና ባለቤቴ ተስማምተን ቀን ስንቆርጥ ብቻ ነው። ሽርጡን ካሰርኩ እኔ የቤቱ ሠራተኛ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ጌታው ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ። ሲጠራኝ «አቤት» ብዬ እሄዳለሁ። ቡና አፍልቼ አቀርባለሁ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ፤ ሲኒው በደንብ አልታጠበም ካለኝ ይቅርታ ጠይቄ እንደገና አጥባለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የባልና ሚስት ገመና ነው፣ እዚህ አይጻፍም። እኔ 39 ዓመቴ ነው፣ እሱ 44። የምንኖረው ለንደን ነው። እሱ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ነጭ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሐበሻ ነኝ። እናቴ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ቆሞብኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚይዘኝ በእሷ ነው።

ሐበሻ ወዳጆቼ ስለዚህ ምንም አያውቁም፣ እንዲያውቁም አልጠብቅም። በኛ ቤት የመኝታ ነገር ራሱ ነውር ነው፤ እንኳን ሽርጥና «አቤት» ቀርቶ። ይሄ አያስከፋኝም። ሰው ያላየውን ነገር ቢፈራ ምን ይባላል? ያቆሰለኝ ሌላ ነው። ያቆሰለኝ «እዚህ የሚያፍር የለም» ብለው የተቀበሉኝ ሰዎች ናቸው።

ስለ እነሱ ትንሽ ልበል። የኪንክ ሰዎች፣ ማለት በፍቅር ጨዋታቸው ማዘዝና መታዘዝን፣ ማሰርና መታሰርን በፈቃድ የሚወዱ ሰዎች፣ በወር አንዴ አንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መንች ይሉታል። እዚያ የሚደረግ ነገር ምንም የለም። ሰው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ቢራውን ወይ ሻዩን ይዞ ያወራል። ስለ ገመድ አስተሳሰር፣ ስለ ፈቃድ አጠያየቅ፣ ሳይስማሙ ስለቀሩበት ጊዜ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስመለስ ባቡር ውስጥ አለቀስኩ። 33 ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እንደኔ የሚያስብ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ፈቃድ የሚለውን ቃል በትክክል የተማርኩት እዚያ ነው። አስቀድሞ መነጋገር፣ ድንበር ማስቀመጥ፣ የማቆሚያ ቃል መምረጥ፣ ካለቀ በኋላ መተቃቀፍና «እንዴት ነሽ?» መባባል። «አስተማማኝ፣ ጤናማ፣ በፈቃድ» የምትለዋን መመሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1983 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የጌይ ወንዶች ማኅበር እንዳወጣት የነገሩኝም እነሱ ናቸው። ባለቤቴን እንኳን የተዋወቅኩት በእነሱ በኩል ነው።

መስከረም ላይ ታዲያ ወሬው ስለ ሚና ጨዋታ ሆነ። ማን ምን መሆን ይወዳል። አንዷ ንግሥት እሆናለሁ አለች፤ ሁሉም በደስታ ተቀበሏት። አንዱ እስረኛና መርማሪ እንጫወታለን አለ፤ እንዴት እንደሚጀምሩት ጠየቁት። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። የቤት ሠራተኛ እሆናለሁ አልኩ። ዝም አሉ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ባለቤቴን አየ፣ ከዚያ ቆዳችንን ማነጻጸር ጀመረ። አንድ ወጣት ነጭ ልጅ ለባለቤቴ «አንተ አታፍርም?» አለው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ መሆኔን፣ እሱን ለማሳመን አንድ ዓመት እንደፈጀብኝ፣ «አቤት» ማለትን ያስተማርኩት እኔ መሆኔን ማንም ሊያውቅ አልፈለገም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የአንዲት ትልቅ ሴት ነገር ነው። ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ ጥቁር ሴት ናት፤ ብዙ ነገር ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የማያት። ቀስ ብላ «ላንቺ ጨዋታ ነው፤ እኛን ግን ዓለም ድሮም በዚያ ዓይን ነው የሚያየን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ቅድመ አያቶቿ የተሸጡበትን ታሪክ ተሸክማ የመጣች ሴት፣ ሽርጥ የለበሰች ጥቁርና የሚያዛት ነጭ ማየት አልፈልግም ብትል መብቷ ነው። እሷ ፊት አድርጌውም አላውቅም፣ አላደርገውምም። ማየት የማይፈልግ ሰው እንዲያይ ማስገደድ ራሱ ፈቃድ መጣስ ነው። እኔ ግን ያደረግኩት ተጠይቄ መናገር ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ደረሰን። ሌሎቹ እንዳይረበሹ ለጊዜው ባንመጣ ጥሩ ነው የሚል። በጣም በጨዋ ቋንቋ ነው የተጻፈው። ደጋግሜ አነበብኩት። እነዚህ ሰዎች ገመድና አለንጋ አያስደነግጣቸውም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1993፣ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አካላዊ ጉዳት ካለ «ፈቃድ ነበረን» ማለት አያድንም ብሎ ስለፈረደ፣ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ነገር ሕግ ፊት ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል ያውቃሉ፣ አውቀውም ይከራከሩለታል። የኔ ረከቦት ግን አስደነገጣቸው።

ከዚህ በፊት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ሄጄ አውቃለሁ። ገና እናቴ ምን ትሠራ እንደነበር ስነግረው ብዕሩን አነሳና «እናትሽን እየቀጣሻት ነው» አለኝ። ሁለተኛ አልተመለስኩም። ታምሜ ይሆን ብዬ ሌሊት ሌሊት ሳነብ የነበረው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው፣ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታ ዝርዝር ውስጥ በአዋቂዎች ፈቃድ የሚደረግ እንዲህ ያለ ነገር እንደ በሽታ እንደማይቆጠር ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ስዊድን ደግሞ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከራሷ ዝርዝር አውጥታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት 1,516 ጎልማሶችን ጠይቆ፣ ከሴቶቹም ከወንዶቹም ከግማሽ በላይ የሆኑት በፍቅር ጨዋታ ላይ ሌላው እንዲያዛቸው በሐሳባቸው እንደሚመኙ አግኝቷል። በሐሳብ መመኘትና ማድረግ አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሞሌና ዊሊያምስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንተርናሽናል ሚዝ ሌዘር የተባለውን የኪንክ ሰዎች ማዕረግ ያገኘች ናት። በፈቃዷ አገልጋይ መሆንን እንደምትወድ ስሟንም ፊቷንም ሳትደብቅ ስትናገር የሰማሁ ቀን፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ስለ እማዬ።

እማዬ ካዛንቺስ አካባቢ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የመጀመሪያዋ አሠሪ ስሟን ቀየረችባት፤ ከልጃቸው ስም ጋር ይመሳሰላል ተብሎ። አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ተጠራች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ ከመጣ ተነስታ ታበስላለች። ደሞዟ የሚሰጣት እነሱ ሲመቻቸው ነው። ዕረፍት የምትወጣው በዓመት ሁለት ቀን ነው። ይሄ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳን የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ነው የተዋት። ነውር ከተባለ ነውሩ ይሄ ነው። ማንም ግን በዚህ አፍሮ ከስብሰባ ሲባረር አላየሁም።

እማዬ እንዴት እንደወጣች ስትነግረኝ ሁሌ አንድ ዓይነት አድርጋ ነው። ሦስተኛዋ ቤት ነበረች። ልብስ ስታጥብ ውላ ወገቧ አልቀና ብሏል። እመቤቲቱ ምንጣፉንም ጨምሪ አለቻት። እማዬ ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ አበሰች፣ «በቃ» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ጓዳ ገብታ ጥቅሏን ይዛ ወጣች። ያልተከፈላትን የሦስት ወር ደሞዝ ትታ።

የኛ የማቆሚያ ቃል «በቃ» ነው። ባለቤቴ በደንብ ከሚያውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱ ነው። ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም ነበር። እማዬ ያችን ቃል ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀባትና ስንት ብር እንዳስከፈላት እኔ አውቃለሁ። እኔ ግን ስላት ወዲያው ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ሽርጡ ይፈታል፣ እሱ ተነስቶ ሲኒውን ያጥባል። ሌሎች ስምምነቶችም አሉን፣ በወረቀት የጻፍናቸው። ስሜ አይቀየርም። «ገረድ» የሚል ቃል አይነሳም። ቤተሰቤ አይነካም። አረጋውያን የምንከባከብበት ሥራ ላይ ውዬ በደከመኝ ቀን ጨዋታ የለም። ሲያልቅ እራት አብረን እንበላለን፣ እሱ ያጎርሰኛል። ሌላ ቦታ የማላውቀው የደስታ ዓይነት ነው ያ ጉርሻ፤ ሰውነቴ ሁሉ ነው የሚላላው።

ለምን ይሄን ሚና እንደመረጥኩ ይጠይቁኛል። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አላውቀውም። ቀኑን ሙሉ ስወስን እውላለሁ፤ የማንን መድኃኒት መቼ፣ የማንን ቤተሰብ ምን ብዬ። ሽርጡን ሳስር ውሳኔው ከትከሻዬ ይወርዳል። ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ልጅ ሆኜ «አቤት» የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ የፍርሃት ቃል ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ የፍርሃት ቃል ሆኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። አያቴ የጎንደር ሰው ነበረች። በዛር ቤት አንዲት ድሃ ሴት ዛሯ ሲወርድ እንደ ጌታ ተነስተውላት፣ እጅ ነስተዋት፣ ያዘዘችው ሁሉ ሲደረግላት አምሽታ፣ ጠዋት እንስራዋን አዝላ ውኃ እንደምትወርድ ታወራልን ነበር። ዛር የሚመርጥ እንጂ የሚመረጥ አይደለም፣ ስለዚህ ከኔ ነገር ጋር አንድ አላደርገውም። ግን ሰው ለአንድ ማታ ሌላ ሆኖ ጠዋት ወደራሱ መመለስ እንደሚችል አያቴም ታውቅ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ አሁን ስጽፍ ገባኝ። ንግሥት እሆናለሁ ብል ፈቃዴን ሁሉም ያምነኝ ነበር። ሠራተኛ እሆናለሁ ስል ፈቃዴ ተጠረጠረ። የሚወዱትን ስመርጥ ብስል ሴት ነኝ፤ የማይወዱትን ስመርጥ ምስኪን ጥቁር ነኝ፣ ታሪኬ ያሳወረኝ፣ ነጭ ባሏ ያታለላት። እማዬም እኮ አሠሪዎቿ ምን እንደሚሻላት ከእሷ በላይ የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ቀን ቆረጥን። የዚያን ለት ጠዋት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የእማዬን ታሪክ ለባለቤቴ ነገርኩት። ምንጣፉን፣ ደሞዙን፣ «በቃ»ን። ማታ ሽርጡን አሰርኩ። ቡናውን አቀረብኩ። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሲኒውን አነሳ፣ ከንፈሩ ሳይደርስ መልሶ አስቀመጠው። «በቃ» አለኝ። ድምፁ ተንቀጥቅጧል። ቃሉን እስከዚያ ቀን ተናግሮት አያውቅም ነበር።

ወዲያው አቆምን። መሬት ላይ ተቀምጠን ቡናውን አብረን ጠጣነው። «ያ ልጅ አታፍርም ወይ ያለኝ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ አሁን ደግሞ እናትሽን አየኋት» አለኝ። በእሱ አልተቆጣሁም። «በቃ» የአዛዡም ቃል ነው፣ ያንን ተስማምተን ነው የጀመርነው። ግን አራት ወር ሆነን። ሽርጡ አልወጣም። አልጠየቀኝም፣ አልጠየቅኩትም። የሰው ዓይን ጓዳችን ድረስ ገብቶ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሳይቀር ይሰማኛል። የሚያስለቅሰኝ ጨዋታው መቅረቱ አይደለም። ባለቤቴ ራሱን እንደ ክፉ ሰው ማየት መጀመሩ ነው። እሱ ስሜን በትክክል ለመጥራት ሁለት ወር የተለማመደ ሰው ነው።

ያቺ ትልቅ ሴት ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ብዙ አላወራንም። ሐሳቧን አልቀየረችም፣ እኔም አልቀየርኩም። «የዚያን ለት ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለችኝ። አሁን ጠይቂኝ አልኳት። አርባ ደቂቃ ጠየቀችኝ። ስለ እማዬም ነገርኳት። ስትሰማኝ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

ትናንት ሽርጡን አውጥቼ አጠብኩት። ከካፖርቱ ጀርባ ተሰቅሎ አቧራ ይዞ ነበር። ምንም ሳልናገር ወጥ ቤት ወንበር ላይ አሰጣሁትና ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ወንበሩ ላይ የለም። ደነገጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ማሞቂያው ላይ ዘርግቶታል፤ ማሰሪያዎቹን ሳይቀር አቃንቷቸዋል። ነካሁት። ደርቋል፣ ገና ትኩስ ነው።