ከቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው፦ ከሁሉ በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ተቀበሉ

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርቼ፣ እናቴን ለማስታመም ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። አሁን ከቤቴ ሆኜ የተለያዩ ድርጅቶችን ሂሳብ እይዛለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ላፕቶፕና ስለ ኢንተርኔት ነው። እኔን ግን ያሠቃየኝ ከሥራ ጋር የሚያገናኝ ሰውና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማጣት ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ኢንተርኔት አስገባሁ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ሊንክድኢን ከፈትኩ፣ የሂሳብ ሰዎች ያሉባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ገባሁ። እዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው በሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ከኦዲተር ጋር ሊያገናኘኝ ፈለገ። ኦዲተሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በአይኤፍአርኤስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ እንደሠራሁ የሚያሳይ ማስረጃ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ድርጅቶች ወደዚህ የሪፖርት ደረጃ ሲዞሩ፣ የእኛን ድርጅት ሽግግር የሠራሁት እኔ ነኝ። አምሽቼ፣ ቅዳሜና እሁድ ገብቼ ነው የሠራሁት። ወረቀቱ ግን እጄ ላይ አልነበረም። ስለቅ ጠይቄ «ሥራ አስኪያጁ ሲመለሱ እንልክልሻለን» ተብዬ ነበር።

ኢሜይል ላክሁ፤ መልስ የለም። ደወልኩ፤ «በአካል ነይ» ተባልኩ። እናቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ስደርስ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ስመለስ ደግሞ የሰው ኃይል ኃላፊው «ክሊራንስሽ ፋይልሽ ውስጥ የለም፤ ከየክፍሉ እንደገና አስፈርሚ» አለኝ። ክሊራንስ ማለት ሠራተኛ ሲለቅ የድርጅቱ ንብረትም ዕዳም እንደሌለበት የየክፍሉ ኃላፊዎች የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። ያኔ ከፈረሙልኝ ሰዎች ግማሾቹ ለቀዋል። ማን ይፈርምልኝ?

አዋጁን አሳየሁት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ላይ ተጽፏል፦ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ይሰጣል። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የኛ አሠራር እንደዚህ ነው» አለ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ለእሱ አንዲት ገጽ ናት። ለእኔ እንጀራዬ ነበረች። እኔ ስመላለስ ኦዲተሩ መጠበቅ ሰልችቶት ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

በመጨረሻ የደረሱልኝ የማህደር ክፍሏ እትዬ ናቸው። ድሮ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። ኮሪደር ላይ ቆሜ አይተውኝ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ክሊራንሴን ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ተሰፍቶ አገኙት። ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ገብተው በዚያው ቀን አስፈርመውና ማኅተም አስመትተው አመጡልኝ። ስንሰነባበት «የእህቴ ልጅ ዕቃ አስመጪ ነው፣ ሂሳብ የሚይዝለት ሰው አጥቷል፤ ስልኩን ያዢ» አሉኝ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሱ ሆነ።

ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ማኅተም ሳታስመቱ ከመሥሪያ ቤት አትውጡ። የክሊራንሱንም ኮፒ ያዙ። «እንልክልሻለን» የሚባል ነገር አትመኑ።

የሥልጠና ሰዎች «በየቀኑ ፖስት አድርጉ፣ ሊንክድኢን ላይ 500 ሰው ሙሉ» ይላሉ። አልስማማም። አብሯችሁ የሠራ አንድ ሰው ስማችሁን ቢያነሳ ይበልጣል። እኔ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ የድሮ ባልደረቦቼን እየደወልኩ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ፎርዋርድ የተደረገ የአበባ ሥዕል አልልክም፣ ማንም አያየውም። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ አዲስ አበባም ቢሆን እሄዳለሁ። ከቤት የሚሠራ ሰው ካልታየ ይረሳል።

ለሂሳብ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ሁሉም ወረቀት ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን «ሥራ አለ ወይ?» ብላችሁ አትደውሉ። «ምን ላግዝህ?» ብላችሁ ግን ደውሉ። የባንክ ሂሳብ ሲያስታርቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር፣ ያገዛችሁት ሰው ዓመቱን ሙሉ አይረሳችሁም። የእኔ ሁለተኛ ደንበኛ በዚህ መንገድ ነው የመጣው።

አጠገባችሁ ያለውንም ሰው አትናቁ። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ እስከ ቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል አለው። እዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን ሲመሽ ብርዱ ሰው አያስወጣም። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ሻይ ቤት እንገናኛለን። አዲስ የታክስ መመሪያ ሲወጣ አብረን እናነባለን፤ አንዱ ሥራ ሲበዛበት ለሌላው ያካፍላል። ይህን በማስጀመሬ እኮራለሁ።

ያ የሰው ኃይል ኃላፊ ሥራ ለቆ በቅርቡ ሊንክድኢን ላይ የግንኙነት ጥያቄ ላከልኝ። አልተቀበልኩትም። ለእትዬ ግን ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን ቅቤ ልኬላቸዋለሁ።