እማሆይ እንዝርታቸውን ያቆሙበት ፊልም

ትናንት ማታ ፐርሴፖሊስ የሚባለውን፣ ከኮሚክ መጽሐፍ የተሠራ ፊልም ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። ሦስቱን ብቻዬን ነበር ያየሁት፤ ያሁኑን ግን ከአያቴ ከእማሆይ ጋር። ደብረ ማርቆስ በክረምት ብርዱ አይጣል ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። እማሆይ ምድጃው ዳር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ ላፕቶፑን ሳጥኑ ላይ አድርጌ፣ ከፈረንሳይኛው ስር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

ከኮሚክ መጽሐፍ የተሠሩ ፊልሞችን ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጅ ሳለሁ መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረው ቪዲዮ ቤት ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ ብዙ ቀን አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ወንዶች መሀል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ የምከታተለው ማን ማንን እንደመታ ነበር። አሁን የምጠብቀው ሴቶቹ ለሚወዱት ሰው እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገሩባትን ቦታ ነው።

ለዚህ ነው ከብላክ ፓንተር የንጉሡን ሴት ጠባቂዎች የምትመራውን ኦኮዬን ከሁሉም አስበልጬ የምወዳት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ወንድሜ በፍላሽ አስጭኖ አመጣልኝና በአንድ ሳምንት ሦስቴ አየሁት። ብዙ ሰው ቡሳን ካዚኖ ውስጥ ዊጓን አውልቃ የወረወረችበትን ያወራል፤ እሱም ደስ ይላል። የኔ ግን መጨረሻው ጦርነት ላይ ነው። አውራሪሱ እየጋለበ መጥቶ እፊቷ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ፊቷንም ይልሳታል። ከዚያ ጦሯን በገዛ ፍቅረኛዋ ላይ ትደግናለች። ትገድይኝ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ለአገሯ ስትል እንደማታመነታ ትነግረዋለች። ድምጿ ከፍ አይልም። እሱም ሰይፉን ጥሎ ይንበረከካል። ዓድዋን እየሰማን ላደግን ልጆች ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር በስክሪን ማየት ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የፊልሙን ልብሶች የሠራችው ሩት ካርተር ለዚያ ሥራዋ ኦስካር አግኝታበታለች፤ ያን ሽልማት በአልባሳት ዲዛይን የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ስለ ልብስ ካነሳሁ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በ1992ቱ ባትማን ሪተርንስ ሚሼል ፋይፈር ጥቁሩን ካፖርት ቆራርጣ የካትውማንን ልብስ ስትሰፋ አሳየኋት። «ስፌቱ ገደድ ገደድ ብሏል፤ ግን ተናዳ ነው የሰፋችው፣ ያስታውቃል» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ የፊልም ትንተና አልሰማሁም።

የሚያናድደኝ ነገር አለ። ዎንደር ውማን ኮሚክ ላይ የወጣችው በ1941 ነው። የራሷን የሲኒማ ፊልም ያገኘችው በ2017፣ ከ76 ዓመት በኋላ! ብላክ ዊዶውም በ2010 በአይረን ማን 2 ገብታ፣ በ2019 በሌላ ፊልም ውስጥ ከሞተች በኋላ ነው በስሟ የተጠራው ፊልም በ2021 የወጣላት። ፓቲ ጄንኪንስ በ2017ቱ ፊልም ላይ ዳያናን፣ ማለትም ዎንደር ውማንን፣ ከምሽጉ አውጥታ በጥይት መሀል ስታራምዳት ያለቀስኩት ያን ሁሉ ዓመት እያሰብኩ ነው።

ፐርሴፖሊስ ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ማርጃን ሳትራፒ ቴህራን ውስጥ ያደገችበትን ዘመን በራሷ እጅ ስላ መጽሐፍ አደረገችው፤ ከቨንሳን ፓሮኖ ጋር ሆና በ2007 ወደ ፊልም መለሰችው፣ በዚያው ዓመት ካን ላይ የዳኞች ሽልማት አገኘ። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ጭስ አይን በሚያስለቅስበት ቤት ውስጥ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

የልጅቱ አያት ጃስሚን አበባ በጡት መያዣቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ ልብሳቸውን ሲያወልቁ አበባው ይረግፋል። እማሆይ አይናቸውን ከአመልማሎው ሳያነሱ «ጠምበለል ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እኔ በልጅነቴ አሪቲ ነበር እምሸጉጥ» አሉኝ። ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። ልጅቱ ማርጂ የተከለከለውን የከንፈር ቀለም ተቀብታ መንገድ ላይ ቆማለች፤ አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ እንዳይይዟት አንድ ምንም ያላደረገ ሰው ለከፈኝ ብላ ታሳብቅበታለች። ሰውዬውን ይወስዱታል። ቤት ገብታ እየሳቀች ለአያቷ ስታወራ አያት ይቆጣሉ፤ የታሰሩትን ወንድ አያቷን፣ የተገደለውን አጎቷን ይጠሩባታል።

ስተረጉም ድምፄ ተያዘብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ገና ቢቸና በኩል ገጠር ስንኖር፣ የእማሆይን የጠላ ገንቦ ሰብሬ በእረኛው ልጅ አሳብቤ ነበር። ልጁ ተገረፈ። እማሆይ እውነቱን ያወቁት በማግስቱ ነው። አልመቱኝም። ከደጃፍ ድንጋይ አንስተው አንገቴ ላይ አሸከሙኝና ከብቶቹ ወዳሉበት መስክ አብረውኝ ወረዱ። ድንጋዩ ጤዛ ነበረበት፤ ውሃው በጀርባዬ ሲወርድ እስካሁን ይሰማኛል። ልጁ እግር ስር ወደቅሁ። እሱ ደንግጦ ድንጋዩን ከአንገቴ ለማንሳት ይታገላል፣ እማሆይ ደግሞ «እሷ ትናገር መጀመሪያ» ይሉታል።

ትናንት ይህን አላነሳሁባቸውም፣ እሳቸውም አላነሱብኝም። ግን እንዝርቱ ቆሞ ነበር። ፊልሙን አቆምኩት።

«ሰውዬውስ?» አሉኝ።

«ወሰዱታ፣ እማሆይ።»

«እሱንማ አየሁ። ኋላ ፈልጋ ይቅርታ ጠየቀችው ወይ?»

«እሱን አያሳይም።»

ዝም አሉ። ክሩን በጣታቸው ዳሰሱና የሳሳችውን ቦታ በጥሰው እንደገና ቀጠሉት።

«እስቲ ክፈችው» አሉኝ፣ «ምናልባት ወደ ኋላ ይመጣ ይሆናል።»