«ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ»፦ ደሴ ላይ ፓይተንን በአማርኛ ሳስተምር የተማርኩት

ደሴ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በተዋስነው ክፍል ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የክረምት ትምህርት ስጀምር፣ ዋናው እንቅፋት የእንግሊዝኛ ትእዛዞቹ እንደሚሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ «ፕሪንት»ን «አሳይ»፣ «ኢፍ»ን «ከሆነ» ብዬ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ኮድ ወደ ፓይተን የሚለውጥ አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጀሁ። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ልጆቹ የተጠቀሙበት ግን ለአምስት ቀን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከሰዋስው የመጣ ነበር። በአማርኛ ሁኔታው ይቀድምና «ከሆነ» መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእኔ ኮድ ግን መስመሩን የሚከፍተው «ከሆነ» ስለነበር፣ ጽሑፉ አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ልጆቹ ከክፍላችን ውጪ የተጻፈ ማንኛውንም ኮድ ማንበብ አቃታቸው። የፓይተን ቁልፍ ቃላት ግን በጠቅላላው 35 ናቸው፤ ለጀማሪ ደግሞ አሥሩ ይበቃሉ። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰምም ቢሆን አፉን የፈታው በሆላንድኛ ነው። ከተማሪዎቼ ገሚሱ ቁርኣን ቤት የተማሩ፣ ገሚሱ ዳዊት የደገሙ፣ ትርጉሙ ገና ያልተፈታላቸውን ቃል አጥርቶ ማንበብና መያዝ የለመዱ የወሎ ልጆች ናቸው፤ አሥር ቃል እንደማይከብዳቸው ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ይልቁን የተቸገሩት እንግሊዝኛ ይሻላሉ የተባሉት ሆኑ። «ፕሪንት» ሲባሉ ማተሚያ ማሽን ፈለጉ፣ በኮድ ጽሑፍ ማለት የሆነውን «ስትሪንግ»ን ሲባጎ አሉት፣ «ፎር»ን «ለ» ብለው ሲተረጉሙ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም አጣ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቀው ልጅ «ፎር ማለት እያንዳንዱን በተራ አንሣ ማለት ነው» ሲባል ወዲያው ተቀብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ቁልፍ ቃላቱን እንዳሉ ትቼ፣ ማብራሪያውንና ለቫሪያብሎች (ፕሮግራሙ ዋጋ ለሚይዝባቸው ቦታዎች) የምንሰጠውን ስም ወደ አማርኛ አዞርኩ። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ፓይተን 3 በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል፣ «ድምር» እና «ዋጋ» ያለ ምንም ችግር ሠሩ። «ሰዓት» ግን አስቸገረ፤ አንዱ ልጅ ከላይ «ሰዓት» ብሎ ሰይሞ ከታች «ሰአት» ብሎ ሲጠራው፣ ለእኛ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ ሁለት ሆነ። ስለ ዐይኑ «ዐ» እና ስለ አልፋው «አ» በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰምተው ያለፉትን በዚያ ቀን በደንብ ያዙት።

ከሁሉም የማልረሳው የሁለት ነጥቡን ጉዳይ ነው። የአንዲት ተማሪ ፕሮግራም እንቢ ብሎ፣ ደጋግሜ ባነበውም ስህተቱ አልታየኝም። «ከ‹ኢፍ› መስመር መጨረሻ ሁለት ነጥብ አለ ወይ?» ብላት፣ «ወላሂ መምህር፣ ሁለት ነጥብ አድርጌያለሁ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የጻፈችው ግን ፓይተን የሚፈልገውን «:» ሳይሆን የአማርኛውን የቃል መለያ «፡» ነው፤ የጽሑፍ ገበታው አማርኛ ላይ ስለነበር ያንኑ ቁልፍ ስትጫን የወጣላት እርሱ ነው። ለዓይን መንታ የሆኑት ምልክቶች፣ ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት ሥርዓት በዩኒኮድ፣ የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ እኛም ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ኮምፒውተሩ ስህተቱን በትክክል ነግሯት ነበር፤ የነገራት ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀዩን ጽሑፍ ዘልላ ወደ እኔ መጣች። እንግሊዝኛው ልጆቹን የሚያቆማቸው እዚህ ቦታ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የተማሪውን ፋይል ከፍቶ የሚያስኬድ፣ ስህተት ሲያገኝ መስመሩን ጠቅሶ በአማርኛ የሚያስረዳ ፕሮግራም ጻፍኩ። በመጀመሪያ ይህን የሚያስረዳውን ኮድ ልጆቹ ከሚጽፉት ፋይል አናት ላይ አስገብቼው ነበር፤ ነገር ግን ፓይተን ከማስኬዱ በፊት ፋይሉን በሙሉ ስለሚፈትሽ፣ የአጻጻፍ ስህተት ካለ የእኔ መስመር ተራው ሳይደርስ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ውጪ ሆኖ የሚያስኬድ ሌላ ፋይል ግድ ሆነ። «በ3ኛው መስመር የአማርኛ ሁለት ነጥብ አለ፤ የጽሑፍ ገበታህን ቀይር» የሚል መልእክት ከመጣ ወዲህ፣ እጅ ማውጣት በጣም ቀነሰ።

መልመጃዎቹንም ቀየርኩ። ከመጽሐፍ የተቀዱትን ትቼ የባሕረ ሐሳብን ስሌት ሰጠኋቸው፤ 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምሮ ለ4 ማካፈል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። በ2015 ሞክረው ቀሪው 3 ሲሆን፣ ያ ዓመት ጳጉሜን 6 የሆነችበት መሆኑን አስታውሰው ተደሰቱ። ከዚያ አንዱ ዓመቱን «፳፻፲፭» ብሎ ሲያስገባ ፓይተን አልቀበልም አለው፤ የግእዝ አኃዝ እንደ 2015 በቦታ ዋጋ የሚነበብ ስላልሆነ መለወጫውን ራሳቸው መጻፍ ነበረባቸው። ከግእዝ ወደ ተለመደው ቁጥር የሚለውጠው አልቋል። በተቃራኒው የሚለውጠው ግን ዜሮ ሲሰጠው ምን ይመልስ በሚለው፣ ግእዝ ዜሮ ስለሌለው፣ እስካሁን አልተስማማንም።