ሲም ካርዱ ቢጠፋም አካውንቱ እንዳይጠፋ

ቴሌግራም ለብዙዎቻችን የሰነድ ሣጥን ሆኗል። የፓስፖርት ፎቶ ለጉዞ ወኪል፣ የትምህርት ማስረጃ ለቀጣሪ፣ የባንክ ደረሰኝ ለነጋዴ የሚላከው በእሱ ነው። የተላከውም ስልካችን ላይ ብቻ አይቀርም፤ የቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አካውንታችሁን በሌላ ስልክ የከፈተ ሰው፣ ከሲክሬት ቻት (ሰርቨር ላይ ሳይሆን በተጻጻፉት ሁለት ስልኮች ላይ ብቻ ከሚቀመጠው ቻት) በቀር፣ ያልተሰረዘውን የዓመታት ወረቀታችሁን ያገኘዋል።

ተጨማሪ ፓስወርድ ካላበጃችሁ ለመክፈት ብዙ ጊዜ የሚበቃው ስልክ ቁጥርና አንድ ኮድ ነው። ኮዱ ቴሌግራም በተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይም በኤስኤምኤስ ይመጣል። አገር ለቀው የሄዱ ሰዎች ላይ ችግር የሚመጣውም በዚህ በኩል ነው። የኢትዮጵያው ሲም ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ሲቆይ ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። አዲሱ ባለቁጥር ክፉ ሳያስብ ቴሌግራም ልክፈት ቢል የእናንተን ቻት ሊያገኝ ይችላል። ውጭ የምትኖሩ ቁጥሩን ዛሬውኑ ቀይሩ፦ ሴቲንግስ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ንኩ፣ ቼንጅ ነምበር የሚለውን ምረጡ፣ አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ኮዱ የሚመጣው በአዲሱ ቁጥር ስለሆነ የድሮው ሲም አያስፈልግም፤ ቻቱም ግሩፑም እንዳለ ይቆያል።

አገር ውስጥም ሆነ ውጭ ላለ ሰው ዋናው መከላከያ ግን ሁለተኛው ፓስወርድ ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ሂንት (ፓስወርዱን የሚያስታውስ ፍንጭ) ሲጠይቃችሁ ባዶ ብትተዉት ይሻላል፤ ሂንቱ ለመግባት ለሚሞክር ሁሉ ይታያልና። ኢሜይል ሲጠይቅ ግን አትዝለሉት። ያለ ኢሜይል ፓስወርዱን ብትረሱ፣ አካውንቱ ክፍት የሆነበት ስልክ ካላችሁ 7 ቀን ጠብቃችሁ ታስነሡታላችሁ፤ ከሌላችሁ የሚቀረው አካውንቱን ሰርዞ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ኢሜይሉ ደግሞ በእርግጥ የእናንተ ይሁን። ስልክ ስትገዙ ባለሱቁ የከፈተላችሁ፣ ፓስወርዱን የማታውቁት ጂሜይል ለዚህ አይሆንም።

በግሩፕ ውስጥ ቁጥራችሁ እንዳይታይ እዚያው ፕራይቬሲ ውስጥ ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ አድርጉ። ይህን ስትመርጡ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ? እሱን ማይ ኮንታክትስ ካላደረጋችሁት ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሁሉ ያገኛችኋል። አዲስ ሰው ስትመዘግቡም «ቁጥሬን አጋራ» የምትለዋን ምልክት ማንሳት አትርሱ።

የላካችሁት ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ሥራው ካለቀ ከሁለቱም ወገን ሰርዙት፤ በግል ቻት ውስጥ መልእክቱ የቱንም ያህል ቢቆይ ይሰረዛል። ተቀባዩ ቀድሞ ስልኩ ላይ ያስቀረውን ግን ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ፎቶው ላይ ለማን፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ቀን እንደተላከ ጻፉበት። ቅጂው ለሌላ ጉዳይ ሲቀርብ ጽሑፉ ያጋልጠዋል።

የስርቆቱ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ማታለል ነው። ከምታውቁት ሰው አካውንት «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ገጹ ቁጥራችሁን፣ ከዚያ ኮዱን፣ አንዳንዴም ፓስወርዱን ይጠይቃል። የላከው ጓደኛችሁ አይደለም፤ አካውንቱ አስቀድሞ ተወስዷል። ኮዱን ራሳችሁ ከከፈታችሁት የቴሌግራም መግቢያ በቀር የትም አትጻፉት፣ ለማንም አታንብቡለት።

ኮዱን ከሰጣችሁ ግን ለማዳን ጥቂት ጊዜ አላችሁ። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት አይችልም። ወዲያው ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ ገብታችሁ ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ንኩ፤ ሌላው ሁሉ ይወጣል። ቀጥሎ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ኢሜይሉም የእናንተው መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ለቅርብ ዘመድና ለሥራ ባልደረባ በመደበኛ ስልክ ደውሉ፤ ሌባው ገብቶ በቆየባት ጥቂት ደቂቃ በእናንተ ስም «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል።